አዲሱ 2.8 ሃርድቶፕ ለመስክ ሥራ ይገዛል ወይስ ነባሩ 4.2 ይሻላል?

ደጋና_ቆላ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለመሬት ቅየሳ ሥራ አንድ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ሊገዛ ነው። የቀረቡት ሁለት መኪኖች ናቸው፤ ሁለቱም 78 የሚባለው ሞዴል፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ማንዋል።

አንደኛው ጂዲጄ78 ነው፦ ባለ 2.8 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ሜትሩ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ያለው፣ «ዜሮ» እየተባለ የሚሸጥ። ሁለተኛው ኤችዜድጄ78፣ 4.2፣ 88,000 ኪ.ሜ የሄደ፣ አካሉ ያልተነካ። አዲሱ በሩብ ያህል ይበልጣል።

ጭነቱ 5 ሰው ከ400 ኪሎ ዕቃ ጋር ነው። መንገዶቹ፦ ከሰመራ ወደ ዳሎል አቅጣጫ፣ ከጂንካ ወደ ኦሞራቴ፣ ከጎባ በሳነቴ አልፎ ወደ ዶሎ መና። በዓመት እስከ 35,000 ኪ.ሜ ይሄዳል፤ ግማሹ ፒስታ ነው። ቢያንስ 8 ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል።

ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል ወይ? ከመክፈል በፊትስ ምን ምን ይታይ?

ፖምፓና_ኖዝል

ጥያቄውን የፈረስ ጉልበት ላይ አታንጠልጥለው። ይህን ምርጫ የሚወስነው ናፍታውን ከየት እንደምትቀዳ ነው።

መጀመሪያ ሞተሮቹን እንለይ። 4.2 የሚባለው 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው፣ የናፍታ ፖምፓው ሜካኒካል የሆነ ሞተር ነው። ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ፣ የመጎተት ኃይሉ 285 ኒውተን ሜትር። 2.8 ማለትም 1ጂዲ ደግሞ 2,755 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ፣ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ (ኮመን ሬይል) በኩል የሚረጭ ነው። 204 ፈረስ፤ ከማንዋሉ ጋር 450፣ ከአውቶማቲኩ ጋር 500 ኒውተን ሜትር።

ወረቀቱ ላይ የሚታየው ልዩነት የባሕር ጠለል ላይ ያለው ነው። እኛ አገር ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው፤ ስለዚህ 130ው በግምት ወደ 100 ይወርዳል። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትሆን ደግሞ 80 አካባቢ ቀርቶልሃል፤ አንድ ቶን ጭነህ። 2.8ቱ ግን ተርቦውን አፍጥኖ የጎደለውን አየር በአብዛኛው ይሞላል። ዳገት ላይ አንዱ በሁለት ሌላው በአራት ማርሽ ሲወጡ የምታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

4.2ቱ ከፍታ ላይ ጥቁር ጭስ የሚያበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ አየሩ ቀንሷል፣ ፖምፓው ግን የቆላውን ያህል ናፍታ ይሰጣል። ከፍታ ማካካሻ የተገጠመለት ፖምፓ አለ፣ የሌለውም አለ፤ ስትገዛ ጠይቅ። «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ የፖምፓውን ቡሎን የሚያዞር ሰው ካገኘህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። የሚጨምረው ጭስና የፒስተን ሙቀት ነው። ተርቦ እንግጠምበት የሚሉም አሉ፤ የ1ኤችዜድ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በቫልቩና ናፍታው በሚቀጣጠልባት ትንሽ ክፍል መካከል የሚሰነጠቀው እንዲህ ባለው ተጨማሪ ሙቀት ነው።

እስከዚህ ድረስ አዲሱ አሸነፈ። አሁን ወደ ናፍታው።

የ4.2 ኖዝል (ናፍታ መርጫው) የሚከፈተው ወደ 150 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው። የ2.8ቱ ሬይል ከ2,000 ባር በላይ ይሠራል። በዚያ ግፊት የሚሠራ ክፍተት ከጸጉር ብዙ ጊዜ ይቀጥናል፤ ጠብታ ውሃና ደቃቅ አሸዋ ለ4.2ቱ ጉንፋን፣ ለ2.8ቱ ግን ሞት ናቸው። ውሃ ከገባ ኢንጀክተሩ ይዝጋል፤ ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፖምፓ መበላት ከጀመረ ደግሞ የብረት ብናኙ ወደ ሬይሉና ወደ አራቱም ኢንጀክተሮች ይሄዳል፣ በመመለሻው ቱቦም ታንኩ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ፖምፓውን ብቻ ቀይሮ ማስነሣት የተረፈውን ብናኝ ለአዲሱ ፖምፓ መመገብ ነው። ሙሉ መስመሩ መውረድ አለበት።

ኢንጀክተር ሲቀየርም በቁልፍ አይጨረስም። እያንዳንዱ አናቱ ላይ ኮድ አለው፤ ኮዱ በኮምፒውተር ካልገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል። ጂንካ ላይ የ4.2 ኖዝል አውርዶ ሞክሮ የሚመልስ ሰው ታገኛለህ። ለ2.8ቱ ማሽኑ ያለው ጋራዥ ድረስ መጎተት ሊኖር ነው።

ስለዚህ 2.8 ከገዛህ ይህን እንደ ሕግ ያዝ፦

ቦቴ እያራገፈ ባለ ማደያ አትቅዳ። ሲራገፍ ከታንኩ ሥር የረጋው ዝቃጭና ውሃ ተነሥቶ ይናወጣል፤ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ወይም ሌላ ማደያ መሄድ ነው። በርሜል ከሆነ ቆሞ ይደር፣ መሳቢያው ቱቦ ከወለሉ አንድ እጅ ከፍ ይበል፣ የመጨረሻው አይቀዳ። ውሃ የሚለይ ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር።

የናፍታ ፊልትሮ በየ10,000 ኪ.ሜ ቀይር፣ ሁለት ትርፍ ያዝ። የውሃው መብራት ከበራ «እስከ ከተማ ልድረስ» የለም፤ ሞተር አጥፋ፣ ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ደቅን፣ የታችኛዋን ማፍሰሻ ሁለት ሦስት ዙር ፍታ፣ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ጫን ጫን አድርግ፣ ዝጋ፣ አስነሣ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮው አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። አቧራው አየር የሚለካው ሴንሰር ላይ ይለጠፍና ሞተሩ ጉልበት ይነሣል፣ የሞተር መብራት ይበራል። ብዙ ሰው ያኔ ተርቦ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥተህ ከበስተጀርባው ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረገው፤ ቡናማ ከወጣ ምክንያቱን አገኘኸው። ሴንሰሩ ለሴንሰር በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ በኮምፕሬሰር አትንፋው።

አንድ ማረሚያ ልጨምር፦ የኢንጀክተር ማሸጊያ አፍስሶ የዘይት መምጠጫ የሚዘጋው እየተባለ የሚወራው በሽታ የቀድሞው 3.0 ማለትም የ1ኬዲ ነው። 2.8 ላይ አትለጥፉበት።

ባሌስትራ

ፖምፓና_ኖዝል ስለ ሞተሩ የሚጨመር አልተወም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን 78 መሆኑ ነው። አምስት ሰው ብለሃል።

78 ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይይዛል፤ የቀሩት ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው በጎን ወንበር ነው የሚቀመጡት። ከጎባ ዶሎ መና በጎን ተቀምጦ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠይቅልኝ። ከምቾቱ ይልቅ ደኅንነቱ ይከፋል፦ መኪና ሲጋጭ ሰውነት ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ያልታሰረ የቅየሳ ትራይፖድም አብሮ ይበራል። ሰው ከበዛ 76 ይሻላል፦ አራት በር፣ ሁሉም ወደ ፊት የሚያይ፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት 2,730 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ78ቱ 2,980 ይልቅ ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራል። የምታጣው የዕቃ ቦታና ትልቁን የናፍታ ታንክ ነው። 78 ላይ 90 እና 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች አሉ፤ ለዳሎል መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልክድም።

78 ካልቀረ ሒሳቡን ሥራ። 5 ሰው በ75 ኪሎ 375። ዕቃ 400። 180 ሊትር ናፍታ 150 ኪሎ ግድም። 60 ሊትር ውሃ። ሁለተኛ ስኮርታ 35። ድምሩ 1,020 ኪሎ ነው፤ የጣራ ላይ መጫኛውን፣ ክሪኩን፣ ሰንሰለቱን ገና አልቆጠርንም። መኪናው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ጋር አስተያየው፤ ጫፉ ላይ ነህ ወይም አልፈሃል። ናፍታ በጀሪካን ጣራ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ይህ መኪና ለምን እንደሚገለበጥ ሲጠይቁ ይገርመኛል።

ሁለቱም ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ናቸው፤ ሁለቱም ከፊትም ከኋላም አንድ ወጥ አክስል አላቸው። ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፦ የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከፊቶቹ ወደ 95 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። አሸዋ ላይ የኋላው የፊቱን ፈለግ አይከተልም፣ በየጎኑ ሌላ ፈለግ እየቆፈረ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሚጎትተው አራት መስመር ነው ማለት ነው። 2.8ቱን በመግዛት ከዚህ አታመልጥም። ለ«ማስተካከያ» ቸርኬው ሥር የብረት ወፍራም ቀለበት የሚጨምሩ አሉ፤ ጫናውን ወደ ኩሽኔታው ስለሚያዞር ሙሉ ጭነት ለሚሸከም መኪና አልመክርም።

የፊት አክስል ላይ የሚመጣው ችግር የታወቀ ነው። መሪ የሚዞርበት ክብ ራስ ውስጥ ግራሶ አለ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ዘይት አለ፤ የሚለያቸው አንድ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማፈኛ ጎማ) ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና እንደ አጃ ሾርባ የቀጠነ ጥቁር ነገር ከክቡ ራስ ጀርባ ይፈሳል። ያገለገለው ላይ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። ደረቅ ቀጭን የግራሶ ሽፋን ካለ ደህና ነው። እየተንጠባጠበ ጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከደረሰ ሙሉ ማውረድ፣ ማጠብ፣ ፓራኦሊዮና ግራሶ መቀየር ይከተላል፤ ሁለቱም ጎን።

ከዚያ ክሪክ ከአክስሉ ሥር አድርገህ አንዱን የፊት ጎማ አንሣ። ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ልል ሆኖ ከተጫወተ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የክቡ ራስ የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦልህ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ የክቡ ራስ ኩሽኔታዎች ናቸው። በግራና በቀኝ ይዘህ ስትወዘውዝ ከተጫወተ ደግሞ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ነው። 70 እና 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ጉድጓድ ስትረግጥ መሪው እጅህን የሚያስጥል ንቅናቄ ከጀመረ፣ ባላንስ ብቻ አስደርገህ አትመለስ፤ እነዚህን ኩሽኔታዎችና አክስሉን በአግድም የያዘውን ዘንግ ቦኮላ (የመጋጠሚያውን ጎማ) እይ።

ጎሚስታ_07

ስለ ጎማ አጠር ላድርግ።

78 ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ7.50አር16፣ ከመነዳሪ ባለው፣ ቀለበት ባለው ቸርኬ ነው። ይህን የማይጠግን ጎሚስታ አገራችን ውስጥ የለም፤ የትም ወረዳ በሁለት ሌቫና በመዶሻ ይፈታል። መረሬ ጭቃ ላይ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራው መሬት ላይ ይደርሳል። አሸዋ ላይ ግን ከ25 ፒኤስአይ በታች ካወረድከው ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የከመነዳሪውን ቫልቭ ይበጥሳል። ከመነዳሪ የሌለው 265/70አር16 እስከ 18 ይወርዳል። ስለዚህ ዳሎል ብዙ ከሆነ ከመነዳሪ የሌለው፤ ኦሞ በክረምት ከሆነ 7.50።

አፋር ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው። እዚያ አየር አታውርድ፦ የለሰለሰ ጎማ ጎኑን ያወጣል፣ የሚቆረጠውም ጎኑ ነው። ድንጋዩ ላይ መደበኛው፣ አሸዋው ጋ ሲደርስ መቀነስ፣ ሲወጡ መሙላት። ኮምፕሬሰር ካልያዝክ ይህ አይሆንም። ስኮርታ ሁለት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ አዲስ አበባ ላይ 40 የሞላኸው ጎማ ባሕር ጠለል አጠገብ ስትደርስ በተመሳሳይ ሙቀት 36 ነው የሚያሳየው፤ ውጪ ያለው አየር ስለከበደ። ሙቀቱ ደግሞ ትንሽ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሰመራ ላይ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ እንደገና ለካ።

የቀለበቱን ቸርኬ በሚመለከት ሾፌሩ ይህን ይወቅ፦ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሳይተነፍስ፣ የቫልቩ ውስጠኛዋ መርፌ ሳትወጣ ቀለበቱ አይነካም። ሲሞላም ቀለበቱ ወደ መሬት ይሁን፣ ፊት ለፊቱም ማንም አይቁም። የሚዘል ቀለበት ሰው ይገድላል።

ደጋና_ቆላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 76 የሚለውን ከአለቆች ጋር አነሣዋለሁ፤ ለጊዜው ግን ሁለቱ 78ዎች ናቸው የቀረቡት። ሁለት ጥያቄ ልጨምር፦ 2.8ቱ በአውቶማቲክ ከተገኘ ይሻላል? ደግሞስ ያ «ዜሮ» የሚባለው ምኑ ይፈተሻል? 40 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ምን ሊኖረው ይችላል ብዬ ነው።

ሊብሬ_አንባቢ

ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዜሮ ኪሎ ሜትር ማለት አዲስ ማለት አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በናፍታና በቤንዚን የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ ዜሮ ተብሎ የሚቀርብ ናፍታ መኪና ከክልከላው በፊት ገብቶ ቆሞ የኖረ ሊሆን ይችላል፣ በተለየ ፈቃድ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ከቀረጥ ነፃ ለድርጅት የገባም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርልህም፤ ሻጩ «በኋላ እንጨርሳለን» ካለ ገንዘብህ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቅ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በሁለቱም ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል፣ ጎማው አጠገብ ያለው የሻንሲ ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃውን በብሩሽ አጽዳና በጣትህ ዳስሰው፦ ዙሪያው የተሞረደ፣ ቀለሙ የተለየ ወይም ፊደሉ ያልተካከለ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ሞዴሉን ከኮፈኑ ሥር ካለው ሰሌዳ አንብብ። ጂዲጄ78 ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» ካለ ከፋብሪካው በግራ መሪ የወጣ ነው። «አር» ካለና መሪው በግራ ከሆነ፣ መሪው ተዘዋውሯል ማለት ነው። አትግዛ።

ዕድሜውን መኪናው ራሱ ይነግርሃል። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2323 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የቀበቶው ሥር ያለው ጨርቅ ላይም የተሠራበት ጊዜ ይጻፋል። መስታወቶቹ ላይ ያለው ምልክትም ይረዳል። ሦስቱ ከተቀራረቡ መኪናው ያን ጊዜ ተሠርቷል። አንዱ ብቻ ከተለየ «ይህ ለምን ተቀየረ?» ብለህ ጠይቅ።

ዓመታት የቆመ መኪና ከሆነ ከዋጋው ላይ ይህን ቀንስ፦ ሁለቱም ታንክ ውስጥ ያለው ናፍታ ይፈስሳል (ያረጀ ናፍታ ውሃ ይሰበስባል፤ ፖምፓና_ኖዝል የተናገረውን 2,000 ባር አስታውስ)፣ የናፍታ ፊልትሮ፣ የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው፣ የፍሬን ዘይት፣ ባትሪ። ከታች ገብተህ የገመዶቹን ሽፋን እይ፤ አይጥ የቆመ መኪና ትወዳለች፣ የ2.8ቱ ሞተር ደግሞ በገመድ የታሰረ ነው። የአየር ፊልትሮ ሳጥኑንም ክፈት፤ ጎጆዋ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የዋስትናውንም ነገር በአፍ አትቀበል። በሌላ አስመጪ የገባን መኪና የቶዮታው ወኪል በዋስትና ያየዋል ወይ፣ ዋስትናው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው፤ ሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ሄደህ በጽሑፍ አምጣ። ዋስትና የሌለው «ዜሮ» መኪና የሩብ ዋጋ ልዩነቱን አያወጣም፤ ይህ የኔ አቋም ነው።

ፖምፓና_ኖዝል

በመጨረሻው ነጥብ ከሊብሬ_አንባቢ ጋር በከፊል ነው የምስማማው። ልዩነቱን የሚመልሰው ዋናው ናፍታው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በይፋ የተመዘገበው የ2.8 አውቶማቲክ ፍጆታ በ100 ኪ.ሜ 9.6 ሊትር ነው፤ ተጭኖ፣ ፒስታ ላይ፣ ጣራው ዕቃ ይዞ ይህ ቁጥር አይገኝም። ለዕቅድ 2.8ቱን በ12፣ 4.2ቱን በ15 ያዘው። በዓመት 35,000 ኪ.ሜ ከሄደ ልዩነቱ 1,050 ሊትር ይሆናል። በዛሬው የማደያ ዋጋ አባዛው፣ በ8 አባዛው፣ ከሩቡ ዋጋ ጋር አስተያየው። ከዚያ ላይ በ8 ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ የኢንጀክተር ቅያሪ ቀንስ። የሚተርፍ ከሆነ ግዛ።

አውቶማቲኩ፦ ለአሸዋና ለዳገት አነሣስ ይሻላል። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበት አይቋረጥም፣ ፍሪሲዮን የሚያቃጥል ሾፌርም የለም። ማንዋሉ 2.8 ላይ ያለው ጉድለት ይህ ነው፦ ተርቦው ገና ሳይሞላ፣ ከ1,500 ዙር በታች፣ ሞተሩ ትንሽ የ2.8 ሞተር ብቻ ነው። 4.2 የለመደ ሾፌር አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በስራ ፈት ዙር ሊሳብ ሲሞክር ይጠፋበታል፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ላይ ቆሞ ጋዝ ይሰጣል፤ ፍሪሲዮኑ የሚሸተው ያኔ ነው። መፍትሔው ጭቃውና ድንጋዩ ጋ ከመድረሱ በፊት ቆሞ ወደ ፎር ኤል (በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ዝቅተኛ ማርሽ) ማስገባት ነው። የፊቱ ቦዶ መቆለፊያም (የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው) የሚዞረው እዚያው ደረቁ ላይ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ከተቀበሩ በኋላ ተንበርክኮ አይደለም። አስፋልት ላይ ሲወጡ ወደ ቱ ዊል መመለስ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል መዞር ክሮቸራ (የዘንግ መጋጠሚያ) እና ማርሽ ይበላል።

ቁልቁለት ላይ ጉዳዩ ይገለበጣል። ከጎሃጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወይም ሊማሊሞን ስትወርድ 4.2ቱ በትልቅ ሆዱ መኪናውን ይዞ ያወርዳል። 2.8ቱ ያን ያህል አይዝም፤ አውቶማቲኩም ቢሆን በዲ ከተተወ ማርሽ እየጨመረ ይሸሻል። በእጅ ሁለት ወይም ሦስት ላይ አስረው፣ ፍሬኑን ረግጠህ ልቀቅ፣ ረግጠህ ልቀቅ አድርገው። የፍሬን ሸራው የሚሸት ከሆነ ማርሹ ትልቅ ነው ማለት ነው።

ባሌስትራ

4.2ቱን ሊገዛ ለሚያስብ ደግሞ፦ 88,000 የሚለው ቁጥር ራሱ መመርመር አለበት። ይህ ሞተር ታይሚንግ ቤልቱ በ100,000 አካባቢ መቀየር አለበት፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። መብራቱን ግን ቤልቱን ሳይቀይሩ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ በመብራቱ አትመን፤ የቤልቱን ሽፋን አስፈትተህ ቤልቱን እይ፣ ወይም እንደገዛህ ቀይረው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ሲቀየር የሚወጥረውን ሮለር ከነሞላው አብረህ አስቀይር፤ ሁለት ጊዜ የጉልበት ዋጋ አትክፈል።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ቀጥር። ብርድ ላይ አስነሣው፦ ጥቂት ነጭ ጭስ ታይቶ ከጠፋ ችግር የለም፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ካንዴሊታ (ለማስነሣት ሞተሩን የሚያሞቀው) ወይም ኖዝል ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከመሞቁ በፊት ክፈትና አስነሥተህ እየው፤ ያለማቋረጥ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ቴስታታ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ገልብጠህ እዚያው ላይ አስቀምጠው፤ ዝም ብሎ ቢንቀጠቀጥ ጤና ነው፣ በትንፋሽ ተገፍቶ ከወደቀ ፋሻዎቹ አልቀዋል።

ስኖርክል (ከፍ ብሎ የሚቆም የአየር መሳቢያ ቱቦ) ካለው ይህንም ሞክር፦ ሞተሩ በስራ ፈት ዙር ላይ እያለ አፉን በጠፍጣፋ ጣውላ ድፈን። ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ይገባል። ካልጠፋ ከኮፈኑ ሥር ሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ ወንዝ ሲሻገርም ውሃ የሚስበው በዚያው ነው። ብዙዎቹ ስኖርክሎች ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው መጋጠሚያቸው አልታሸገም፤ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ይበቃዋል።

ደጋና_ቆላ

ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ የናፍታው ትርፍ ልዩነቱን ይመልሳል፣ ግን በአምስተኛው ዓመት ላይ ነው። ነገ ሻንሲ ቁጥሩን ይዘን ወኪሉ ጋ እንሄዳለን። ከቀረጥ ነፃ ሆኖ ከተገኘ ወደ 4.2ቱ ነው፣ ቤልትና የፊት ፓራኦሊዮ ከዋጋው አስቀንሰን።

ጎሚስታ_07

ወኪሉ ጋ ስትሄዱ የ2.8ቱን የናፍታ ፊልትሮ ዋጋ ጠይቁና ስድስት ግዙ። መደርደሪያ ላይ ከሌለ ለመምጣት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅም ጠይቁ፤ የ4.2ቱን የትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ታገኙታላችሁ።